ሰባት ግራም ነሐስ፦ ሰበቃና መበላት ኢንዱስትሪን የሚያስከፍሉት

የአንድ ፋብሪካ የሒሳብ መዝገብ ከዳር እስከ ዳር ቢገለጥ «ሰበቃ» የሚል የወጪ ርእስ አይገኝበትም። ዋጋው ግን በየገጹ ተበትኖ ተቀምጧል። ከፊሉ በመብራት ሒሳብ ውስጥ አለ፤ ከፊሉ በመለዋወጫ ግዢ፣ ከፊሉ በጥገና ሠራተኞች የትርፍ ሰዓት ክፍያ ውስጥ አለ፤ ትልቁ ክፍል ደግሞ ምንም ሳይመረትበት ባለፈ ቀን ውስጥ ተደብቋል። ተሰብስቦ በአንድ መስመር ቢጻፍ ሥራ አስኪያጅን እንቅልፍ የሚነሳ ገንዘብ ነው። ተበትኖ ስለሚመጣ ግን እንደ ተራ የሥራ ጣጣ ይታለፋል።

ሰበቃ ሁለት ተነካክተው የሚንሸራተቱ አካላት አንዱ የሌላውን እንቅስቃሴ የሚገታበት ኃይል ነው። ይህን ኃይል ለማሸነፍ የሚወጣው ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ በብርድ ጠዋት እጁን እያሻሸ የሚያሞቅ ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። መበላት ደግሞ ከተነካኩት ገጾች ላይ ቁስ እየተፋቀ መሄዱ ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚታዩ እንደ አንድ ነገር ይቆጠራሉ፤ አንድ ግን አይደሉም። የመኪና ፍሬን ሸራ ከፍተኛ ሰበቃ እንዲኖረው፣ ግን በዝግታ እንዲበላ ተደርጎ ይሠራል። በአንጻሩ ለምጣድ መለበጫነት የሚታወቀው ቴፍሎን ሰበቃቸው እጅግ ዝቅተኛ ከሆኑ ጠጣር ቁሶች አንዱ ቢሆንም፣ ሌላ ማጠናከሪያ ሳይገባበት ለብቻው ሲሠራ ቶሎ ያልቃል። ይህን ልዩነት መያዝ ያስፈልጋል፤ ጉልበት የሚበላውና ማሽን የሚገድለው ሁልጊዜ አንድ አይደለምና።

በጋራዥ ቋንቋ ውስጥ ሰበቃ በስሙ የሚጠራበት አንድ ቦታ አለ። ሹፌሮች «ፍሪሲዮን» የሚሉት ክፍል ስሙን የወሰደው ከጣሊያንኛ ሲሆን፣ ትርጉሙም ሰበቃ ማለት ነው። ሞተሩን ከካምቢዮ ጋር የሚያገናኘው ይህ ክፍል ሥራውን የሚሠራው በሰበቃ ስለሆነ ስሙ ይገባዋል።

ስለ ሰበቃ የታወቀው የመጀመሪያ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1699 በፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ፊት ቀረበ። ያቀረበው ጊዮም አሞንቶን ነበር። ሕጉ ሁለት ነገር ይላል፦ ሰበቃ ከጫናው ጋር እኩል ይጨምራል፤ የመነካኪያው ስፋት ግን ለውጥ አያመጣም። ጡብ በሰፊ ጎኑ ተኝቶም ሆነ በጠባብ ጎኑ ቆሞ ቢጎተት የሚጠይቀው ኃይል አንድ ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ይህንኑ በማስታወሻው ቢጽፍም ማስታወሻው ተደብቆ ስለኖረ ለማንም አልጠቀመም። ሁለተኛው የሕጉ ክፍል ለሰሚ ጆሮ እንግዳ ነው፤ ሰፊ ገጽ ብዙ ይይዛል ብሎ ማሰብ የሰው ሁሉ ልማድ ነውና።

እንቆቅልሹ በደንብ የተፈታው በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በካምብሪጅ ነው። ፊሊፕ ባውደንና ዴቪድ ቴቦር እንዳሳዩት፣ እንደ መስታወት የተወለወለ ብረት እንኳ በማጉያ ሲታይ ጉብታና ጎድጓዳ የሞላበት ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ገጾች ሲደራረቡ የሚነካኩት በጉብታዎቻቸው ጫፍ ብቻ ነው። እውነተኛው የመነካኪያ ስፋት ዓይን ከሚያየው ስፋት ከሺህ አንድ እጅ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ሙሉ ጫናው በእነዚህ ጥቂት ጫፎች ላይ ስለሚያርፍ ጫፎቹ ይደቃሉ፤ ጫናው ሲጨምር ተጨማሪ ጫፎች ይደቃሉ፤ እውነተኛው ስፋት ከጫናው ጋር ያድጋል። አሞንቶን ያየው ይህንን ነበር። የደቁት ጫፎች እሳት ሳይነካቸው እርስ በርስ ይበየዳሉ፤ ማሽኑን ለማንቀሳቀስ እነዚህን ብየዳዎች መበጠስ ያስፈልጋል፤ የመበጠሱ ድካም ሰበቃ ነው። ብየዳው በተበየደበት ሳይሆን ትንሽ ጠለቅ ብሎ ከተበጠሰ ከአንዱ ገጽ ቁራጭ ብረት ተገንጥሎ ይሄዳል። ያ ደግሞ መበላት ነው።

መበላት ግን በዚህ መንገድ ብቻ አይመጣም። ከሁሉ ይልቅ የተለመደው የመፋቅ ዓይነት ነው፤ ይህን ለማየት ማረሻ ይበቃል። አፈር ለእጅ ለስላሳ ነው፤ በውስጡ ያለው የኳርትዝ አሸዋ ግን ከተራ ብረት ይልቅ ጠንካራ ነው። እያንዳንዱ የአሸዋ ቅንጣት ማረሻው ላይ ቀጭን ጭረት ትቶ ያልፋል፤ ሾሉ ይዶለዱማል፤ ገበሬው ወደ ቀጥቃጭ ወስዶ ያሾለዋል። የሲሚንቶና የማዕድን ፋብሪካዎች ዋና ጠላት ይኸው የማረሻ ጠላት ነው፤ ልዩነቱ በቶን መቆጠሩ ነው። የእጅ ወፍጮ ደግሞ ተቃራኒውን ያስተምራል። ድንጋዩ በመጁ እየታሸ ሲለሰልስ እህሉን መያዝ ያቅተዋል፤ ስለዚህ ይወቀራል። እዚህ መበላቱ የወሰደው አስፈላጊውን ሰበቃ ራሱን ነው።

ሌሎቹን ዓይነቶች በአጭሩ መጥቀስ ይበቃል። ኩሽኔታ ውስጥ ያሉ ኳሶች በአንድ ቦታ ላይ ሚሊዮን ጊዜ ተመላልሰው ሲያልፉ ብረቱ ይደክማል፤ ከገጹ ሥር ስንጥቅ ይጀምርና በመጨረሻ ቅርፊት ይነሳል። እርጥበትና አሲድ ያዛገውን ገጽ እንቅስቃሴው ይጠርገዋል፤ የተጠረገው እንደገና ይዝጋል። በጣም የሚገርመው ግን ቆሞ የሚበላ ማሽን ነው። ቀደም ባለው ዘመን በአሜሪካ አዳዲስ መኪናዎች በባቡር ተጭነው ረጅም መንገድ ሲጓዙ፣ አንድም ኪሎሜትር ሳይነዱ የጎማቸው ኩሽኔታ ተበላሽቶ ይደርስ ነበር። የባቡሩ ንዝረት ኳሶቹን በአንድ ቦታ ላይ በጥቂቱ እያወዛወዘ ቅባቱን ከመሃል ያስወጣውና ብረቱን ጎድጉዶ ይተወው ነበር። ለረጅም ጊዜ በመጋዘን የሚቀመጥ መጠባበቂያ ሞተር አጠገቡ የሚንቀጠቀጥ ማሽን ካለ ተመሳሳይ ዕጣ ይገጥመዋል። ዘንጉን አልፎ አልፎ በእጅ ማዞር የሚመከረው ለዚህ ነው።

የመበላትን መጠን ለመገመት መሐንዲሶች እስከ ዛሬ የሚጠቀሙበት ቀመር እ.ኤ.አ. በ1953 በጆን አርቻርድ ታተመ። የሚጎድለው ቁስ በጫናውና በተንሸራተተው ርቀት ልክ ይጨምራል፤ በገጹ ጥንካሬ ልክ ይቀንሳል። ቀመሩ ቀላል ነው፤ ችግሩ በውስጡ ያለው የቁጥር ማስተካከያ እንደ ቅባቱና እንደ ቁሱ በሺህ እጥፍ እንኳ ሊለያይ መቻሉ ነው።

የሚጎድለው ቁስ ራሱ ግን ምን ያህል ነው? ዲያሜትሩ 50 ሚሊሜትር የሆነ ዘንግ 50 ሚሊሜትር ርዝመት ባለው የነሐስ ቦኮላ ውስጥ ሲዞር ይታሰብ። ቦኮላው ዙሪያውን በ0.1 ሚሊሜትር ቢበላ የጎደለው ነሐስ 7 ግራም ገደማ ነው። እንደ ብረታ ብረት ቢሸጥ የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ አያወጣም። ዘንጉ ግን አሁን በዲያሜትር 0.2 ሚሊሜትር ልቅ ሆኗል፤ ይህ ለብዙ ማሽን ከተፈቀደው ክፍተት እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። ዘንጉ ይንቀጠቀጣል፤ ዘይት ማገጃው ያፈሳል፤ በዘንጉ ላይ ያለው የጥርስ ጎማ ከጓደኛው ጋር በትክክል መግጠሙ ይቀራል፤ ጥርሶቹ መሰበር ይጀምራሉ። ከ7 ግራም የተነሣ ጉዳት ቶን የሚመዝን ማሽን ያቆማል። በኢንዱስትሪ የመበላት ኪሳራ የሚለካው በጠፋው ቁስ ክብደት አይደለም።

የጉልበቱን ሒሳብ ማስላት ይቀላል። በ100 ኪሎዋት ሞተር የሚሠራ ማሽን በመጥፎ ቅባትና በተዛነፈ አገጣጠም ምክንያት 5 ኪሎዋት ያህል በከንቱ ቢያወጣ፣ በዓመት 8,000 ሰዓት ሲሠራ 40,000 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ፋብሪካው ለዚህ ሙቀት ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አንዴ ሲፈጥረው፣ አንዴ ደግሞ በማራገቢያና በማቀዝቀዣ ሲያስወጣው።

መድኃኒቱ ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል፤ በሁለቱ ገጾች መካከል የሚለሰልስ ነገር ማስገባት። ቅባት እንዴት እንደሚሠራ ግን እስከ 1880ዎቹ ድረስ በትክክል የተረዳ አልነበረም። በእንግሊዝ የመካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ያሠማራው ቦሻምፕ ታወር የባቡር ዘንግ ማቀፊያዎችን ይመረምር ነበር። ከላይ ዘይት ሊያፈስበት ቀዳዳ ሲበሳ፣ ዘይቱ ወደ ውስጥ በመግባት ፈንታ ሽቅብ እየፈላ ወጣ። ቀዳዳውን በቡሽ ደፈነው፤ ቡሹ ተፈናጥሮ ወጣ። በእንጨት ደፈነው፤ እንጨቱም ወጣ። በመጨረሻ የግፊት መለኪያ ሲገጥምበት፣ በዘይቱ ውስጥ ያለው ግፊት ዘንጉ ከተሸከመው አማካይ ጫና ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ኦስቦርን ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1886 ምክንያቱን በሒሳብ አስረዳ። የሚዞረው ዘንግ ዘይቱን እየጎተተ እየጠበበ ወደሚሄድ ክፍተት ያስገባዋል፤ ዘይቱ እንደ ሽብልቅ ገብቶ ዘንጉን ያነሣዋል፤ ብረት ብረትን ሳይነካ ዘንጉ በዘይት ላይ ተንሳፍፎ ይዞራል። ደረቅ ብረት በብረት ላይ ሲንሸራተት ሰበቃው ከጫናው ግማሽ በላይ ሊደርስ ይችላል፤ በሙሉ የዘይት ንጣፍ ላይ ግን ከመቶ አንድ እጅ በታች ይወርዳል። ይህን የሚያህል ልዩነት የሚፈጥረው ንጣፍ ውፍረቱ ከሰው ፀጉር እጅግ ያነሰ ነው።

የዘይት ሽብልቅ የሚፈጠረው ግን ዘንጉ በበቂ ፍጥነት ሲዞር ብቻ ነው። ማሽን ሲነሣና ሲቆም፣ ወይም የሞተር ፒስተን በጫፍ ላይ ቆም ብሎ ሲመለስ፣ ንጣፉ ይሳሳል፤ ብረት ብረትን ይነካል። የሞተር ሲሊንደር ከሌላው ቦታ ይልቅ ፒስተኑ ከሚመለስበት ከላይኛው ጫፍ አካባቢ የሚበላው ለዚህ ነው። በዚህ ጊዜ ማሽኑን የሚያድነው የዘይቱ ውፍረት ሳይሆን በብረቱ ላይ የመጣበቅ ጠባዩ ነው። የአትክልትና የእንስሳት ስብ ሞለኪውሎች በአንድ ጫፋቸው ብረቱን ይዘው በጅራታቸው እንደ ብሩሽ ፀጉር ይቆማሉ፤ ገጾቹ በብሩሾቹ ላይ ይንሸራተታሉ። እንጀራ ሲጋገር ምጣዱ በጎመን ዘር የሚታሰሰው እንዳይጣበቅ ነው፤ የጎመን ዘር ዘመድ የሆነው የሬፕሲድ ዘይት ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለመርከቦች የእንፋሎት ሞተር በብዛት ይፈለግ ነበር። እንፋሎትና ውኃ ሲያጥቡት ከብረቱ ላይ ከማዕድን ዘይት ይልቅ በደንብ ይጣበቃልና፤ ካናዳ ተክሉን በሰፊው ማምረት የጀመረችው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ሁሉ እውቀት ቢኖርም እስከ 1960ዎቹ ድረስ ኪሳራው ተደምሮ አይታወቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 በካርዲፍ ከተማ ስለ ብረታ ብረት ፋብሪካዎች ቅባት የተካሄደ ጉባኤ፣ የማሽን ብልሽት ምን ያህሉ ከመበላት እንደሚመጣ ገልጦ አሳየ። የእንግሊዝ መንግሥት በፒተር ጆስት የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ኮሚቴውም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1966 ሪፖርቱን አወጣ። መተሻሸትን የሚያጠናው የትምህርት ዘርፍ መጠሪያ የሆነው «ትራይቦሎጂ» ለሕዝብ የቀረበው በዚህ ሪፖርት ነው፤ መነሻው መተሻሸት የሚል ትርጉም ያለው የግሪክ ቃል ነው። ኮሚቴው የታወቀውን እውቀት በሥራ ላይ በማዋል ብቻ እንግሊዝ በዓመት 515 ሚሊዮን ፓውንድ ልታድን እንደምትችል ገመተ፤ ይህም ከሀገሪቱ ዓመታዊ ምርት ከ1 በመቶ በላይ ነበር።

ከድምሩ ይልቅ የሚያስተምረው ክፍፍሉ ነው። ከ515 ሚሊዮኑ ውስጥ ሰበቃን በመቀነስ የሚተርፈው ጉልበት 28 ሚሊዮን ብቻ ነበር። በጥገናና በመለዋወጫ 230 ሚሊዮን፣ በብልሽት ሳቢያ የሚመጣውን ኪሳራ በማስቀረት 115 ሚሊዮን፣ ማሽኖች ረዘም ላለ ጊዜ እንዲያገለግሉ በማድረግ 100 ሚሊዮን፣ ማሽኖቹ ሳይቆሙ በተሻለ ሁኔታ እንዲሠሩ በማድረግ 22 ሚሊዮን ይገኛል። በቅባት ግዢና በሰው ጉልበት የሚተርፈው እያንዳንዱ 10 ሚሊዮን ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ለቅባት የሚወጣውን ገንዘብ ሊቆጥብ ሲል ርካሽ ዘይት የሚገዛ ፋብሪካ ከሃምሳ አንዱን እጅ ሊያተርፍ የቀረውን ለአደጋ ያጋልጣል።

ከግማሽ ክፍለ ዘመን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ የፊንላንዱ ኬኔት ሆልምበርግና በአሜሪካ የአርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪው አሊ ኤርደሚር ጥያቄውን ለመላው ዓለም አነሡት። በግምታቸው ዓለም ከምትጠቀምበት ጠቅላላ ኃይል 23 በመቶው የሚወጣው በሚተሻሹ ገጾች ምክንያት ነው፤ 20 በመቶው ሰበቃን ለማሸነፍ፣ 3 በመቶው ደግሞ የተበሉ ክፍሎችንና መጠባበቂያ ማሽኖችን ለመሥራት። ላይ ላዩን ሲታይ ይህ የጆስትን ሪፖርት የሚቃረን ይመስላል፤ በአንዱ ጉልበት ትንሽ፣ በሌላው ደግሞ ብዙ ነው። ቅራኔ ግን የለም። ጆስት የቆጠረው ሊመለስ የሚችለውን ገንዘብ ነው፤ ሁለቱ ተመራማሪዎች የቆጠሩት የሚወጣውን ጉልበት በሙሉ ነው። በዚያ ላይ በ1960ዎቹ ነዳጅ ርካሽ ነበር። የ3 በመቶው መበላት የሚቆጥረው አዲሱን ክፍል ለመሥራት የሚፈጀውን ኃይል እንጂ፣ ክፍሉ እስኪመጣ የቆመውን ፋብሪካ አይደለም።

ኪሳራው በየዘርፉ መልኩን ይለዋውጣል። በሲሚንቶ ፋብሪካ ትልቁን ኤሌክትሪክ የሚወስደው መፍጨት ነው። የብረት ኳሶች የሞሉበት ሲሊንደር እየዞረ ኳሶቹ ክሊንከር የተባለውን ለሲሚንቶ የተቃጠለ ድንጋይ ያደቃሉ፤ ከገባው ጉልበት በእርግጥ ድንጋይ የሚሰብረው ጥቂት በመቶ ብቻ ሲሆን የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሙቀቱ በጣም ከመብዛቱ የተነሣ በአንዳንድ ወፍጮዎች ውስጥ ውኃ ይረጫል፤ አለዚያ ከሲሚንቶው ጋር የሚፈጨው ጂፕሰም ይበላሻል። በመንገደኛ መኪና ውስጥ ደግሞ ከነዳጁ ኃይል ሲሶው ገደማ በሞተር፣ በካምቢዮ፣ በጎማና በፍሬን ሰበቃ ይጠፋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ስትከለክል የታሰበው በዋናነት የነዳጅ ወጪ ነው፤ ሆኖም የኤሌክትሪክ መኪና የሚተሻሹ ክፍሎቹ ጥቂት ስለሆኑ የሰበቃ ኪሳራው ከነዳጅ መኪናው ግማሽ ገደማ ነው። ባትሪው ስለሚከብድ ግን የጎማው ሒሳብ አይቀልለትም።

መቆም የሚያስከፍለውን ለማሳየት ከጎተንበርግ የተሻለ ምሳሌ የለም። በዚህች የስዊድን ከተማ ያለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተሠራው በሸክላ አፈር ላይ ነበር። መሬቱ ቀስ በቀስ ሲሰጥም የማሽኖቹ ረጃጅም ዘንጎች ይዛነፋሉ፤ ዘንጎቹ ሲዛነፉ ኩሽኔታዎቹ ይሰበራሉ፤ ምትክ ከውጭ እስኪመጣ ፋብሪካው ይጠብቃል። የጥገናው ኃላፊ ስቨን ዊንግክዊስት ዘንጉ ቢዘምም ራሱን የሚያስተካክል ባለ ሁለት ረድፍ ኳስ ኩሽኔታ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1907 መብቱን አስመዘገበ። በዚያው ዓመት የተመሠረተው ኤስ.ኬ.ኤፍ. ዛሬም በየጋራዡ የሚታወቅ ስም ነው። ኩሽኔታ መዛነፍን የማይወድበት ምክንያት በቁጥር ይታያል፤ በባለ ኳስ ኩሽኔታ ላይ ጫናው እጥፍ ሲሆን ዕድሜው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። በጣም የተወጠረ ቺንጋ ወይም በትክክል ያልተገጠመ ሞተር ኩሽኔታን የሚገድለው በዚህ መንገድ ነው።

የጥገና ባለሙያዎች ከሚያዩአቸው ስሕተቶች ሁለቱ ይበልጥ ይደጋገማሉ። አንዱ አቧራ ነው። ትልቅ ጠጠር ወደ ዘይቱ ንጣፍ አይገባም፤ በጣም ደቃቁ ደግሞ ሳይነካ ያልፋል። ጉዳት የሚያደርሰው መጠኑ ከንጣፉ ውፍረት ጋር የተቀራረበ ብናኝ ነው፤ እሱ ደግሞ በዓይን አይታይም። ክፍት ተትቶ የከረመ የግራሶ ቆርቆሮ፣ በቆሸሸ ጨርቅ የተጠረገ ማስገቢያ፣ የተቀደደ ማገጃ ይህን ብናኝ በገዛ እጅ ያስገባሉ። ሁለተኛው ስሕተት ከበጎ ሐሳብ ይመጣል፤ ግራሶ ማብዛት። የተጨናነቀ ግራሶ በኳሶቹ መካከል እየተቦካ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ዘይቱ ከመያዣው ይለያል፤ ማገጃውን ይገፋዋል። የግራሶ ዓይነት ሳይለዩ አንዱን በሌላው ላይ መጨመርም ሁለቱን አቅጥኖ ሊያፈሳቸው ይችላል። ከሁሉም የሚሻለው ብልሽቱ ሳይመጣ ማወቅ ነው። ከማሽኑ የተቀዳ ትንሽ ዘይት ተመርምሮ በውስጡ ያለው የብረት፣ የመዳብና የሲሊከን መጠን ሲለካ የትኛው ክፍል እየተበላ እንደሆነ ይታወቃል። መዳብ ሲጨምር ነሐሱ ቦኮላ ወይም ብሮንዚናው ይጠረጠራል፤ ሲሊከን ሲጨምር አቧራ የሚያስገባ ቀዳዳ ይፈለጋል። የጎደለው 7 ግራም ገና ግማሽ ግራም ሳለ በዚህ ምርመራ ይያዛል።

ሆልምበርግና ኤርደሚር አዳዲስ ቁሶች፣ ልባጦችና ቅባቶች ቢሠራባቸው የሰበቃና የመበላት ኪሳራ በ15 ዓመት ውስጥ በ40 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ገምተዋል። የቀረው ግን በሙሉ ብክነት አይደለም። ባቡር ያለ ሰበቃ ከጣቢያ አይነሣም፤ ከተነሣም አይቆምም። በስኳር ፋብሪካ አገዳ የሚጨምቁት ጥርሳም የብረት መዳመጫዎች ሁለቱን ፍላጎት በአንድ ገላ ይሸከማሉ። ከእርሻ ከአገዳው ጋር የሚመጣው አሸዋ ጥርሳቸውን እየፋቀ ያለሰልሳቸዋል፤ ሲለሰልሱ አገዳው ይንሸራተትባቸዋል፤ ስኳሩ ከገለባው ጋር ይወጣል። ስለዚህ ሠራተኞች በጥርሶቹ ላይ ጠንካራ የብየዳ ጉብታ ይጨምራሉ፤ ብዙ ጊዜ ፋብሪካው ሳይቆም፣ መዳመጫው እየዞረ። ጉብታው አገዳውን እንዲይዝ ሻካራ፣ አሸዋውን እንዲችል ደግሞ ጠንካራ መሆን አለበት። በዘንጉ ጫፎች ላይ ያሉት ማቀፊያዎች ግን በዚያው ሰዓት በወፍራም ዘይት ላይ ተንሳፍፈው ይዞራሉ።